እርሻ ላይ የወጣ ገል፦ በወሎ የቅርስ ወዳጆች ማኅበር እንዴት ይቋቋማል፣ ምንስ ይሠራል?

በወሎ ደጋም ሆነ ቆላ፣ ጥርና የካቲት ሲገቡ ሕዝቡ ዶማና አካፋውን ይዞ ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል። እርከን ሲሠራ፣ የውኃ ማቆሪያ ሲቆፈርና ድንጋይ ሲለቀም ከመሬቱ የሚወጣው አፈር ብቻ አይደለም፤ የሸክላ ገል፣ የባልጩት ስባሪ፣ ያረጀ የወፍጮ መጅ፣ አንዳንድ ጊዜም የሰው አጥንት አብሮ ይወጣል። የጥንት ቤት መሠረት የነበረው ድንጋይ ተነቅሎ የእርከን ካብ ሲሆንም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሥራው ለመሬታችን ሕይወት ስለሆነ ይቁም የሚል ሰው የለም፣ ሊኖርም አይገባም። ነገር ግን ዶማው ሲያርፍ ያየውን የሚጽፍ፣ የሚለካና ለሚመለከተው የሚያሳውቅ ሰው በየቀበሌው ቢኖር ኖሮ ስለ ወሎ ጥንታዊ ኑሮ የምናውቀው ከዛሬው እጅግ በበለጠ ነበር። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያሉ ሰዎች በማኅበር ተሰባስበው እንዴት ሊሠሩ እንደሚችሉ ለማሳየት የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ሊታወቅ ይገባል፤ የማኅበሩ ሥራ መቆፈር አይደለም። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋና ቁፋሮ ማካሄድን ይከለክላል፤ ፈቃዱም የሚሰጠው ለባለሙያዎችና ለተቋማት ነው። በሌሎች አገሮች፣ ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1846 ተመሥርቶ እስከ ዛሬ በሚሠራው የሰሴክስ የአርኪዮሎጂ ማኅበር ዓይነት ስብስቦች ውስጥ፣ ሙያቸው ሌላ የሆነ ሰዎች ከባለሙያ ጋር ሆነው ሲቆፍሩ ኖረዋል። የእኛ መንገድ ግን ሌላ ነው፤ ሕጉም እንዲሁ ያዛል፣ ያለንበት ሁኔታም እንዲሁ ይጠይቃል። ያለ ሥርዓት የተቆፈረ ቦታ ዳግመኛ ሊቆፈር አይችልምና፣ ሳይነካ የቆየ መሬት ለሚቀጥለው ትውልድ የተቀመጠ መዝገብ ነው።

ይህን ከመጻሕፍት ይልቅ ያስተማረኝ አንድ ማድጋ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ ቀበሌ እርከን ሲሠራ አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ የተከደነ ማድጋ ተገኘ ተብሎ ተጠርቼ ስደርስ፣ ወጣቶቹ ወርቅ ይኖራል ብለው ሰብረውት፣ በውስጡ የነበረውን ጥቁር አፈር በዳገቱ ላይ በትነውት አገኘሁ። ወርቅ አልነበረም። ከገሎቹ በአንዱ የውስጥ ገጽ ላይ ግን የተጣበቀ ጥቁር ቅርፊት፣ ከዚያም ውስጥ የተቃጠለ የእህል ፍሬ የመሰለ ነገር በዓይኔ አይቻለሁ። ያ አፈር በውስጡ እንዳለ ቢቆይ ኖሮ ባለሙያ አጥልሎ ምን እህል እንደነበረ ሊለይ፣ ከከሰሉም ዕድሜውን ሊያስለካ ይችል ነበር። እኔም በበኩሌ ተሳስቻለሁ፤ ማድጋው የወጣበትን ጉድጓድ ሳልለካና ፎቶግራፍ ሳላነሣ ገሎቹን ብቻ ለቅሜ በከረጢት ይዤ ተመለስኩ። ገል ከቦታው ከተነሣ ገል ብቻ ነው፤ በቦታው ሳለ ግን ከበላዩና ከበታቹ ካለው የአፈር ንብርብር፣ ከጎኑም ካለው ከሰልና አጥንት ጋር ሆኖ ብዙ ይናገራል።

ማኅበሩን ለማቋቋም አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። በወሎ ቅሬ፣ ማለትም እድር፣ የሌለው ጎጥ የለም፤ ሰው በቅሬው ይተማመናል፣ መዋጮ ያዋጣል፣ በሰዓቱ ይገኛል፣ የቀረም ይቀጣል። የቅርስ ወዳጆች ስብስብም በዚሁ ሥርዓት ቢመሠረት ይጸናል። ለጅምር ከሰባት እስከ አሥራ ሁለት ሰው ይበቃል። ከነዚህም መካከል አንድ የታሪክ ወይም የጂኦግራፊ መምህር፣ አንድ የቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ ከየጎጡ መሬቱን የሚያውቁ ገበሬዎች፣ አንድ ካህንና አንድ ሸኽ፣ ደግሞም በሙያው የሚታወቁ ሸክላ ሠሪ ሴት ቢኖሩ መልካም ነው። የመጨረሻዋን ብዙዎች ይረሷታል፤ ነገር ግን የገልን ውፍረት፣ አፈሩ ከምን ጋር እንደተቀየጠ፣ በእጅ ተድቦልቡሎ ወይስ በሌላ መንገድ እንደተሠራ ከእርሷ የተሻለ የሚያውቅ በመካከላችን የለም። የግብርና ልማት ሠራተኛው ደግሞ የዓመቱ የተፋሰስ ሥራ የት የት እንደሚካሄድ አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ማኅበሩ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ቦታውን ተዘዋውሮ ለማየት ያስችለዋል። ስብሰባው በወር አንድ ጊዜ፣ ቡና በሚፈላበት ቤት ቢሆን ይመረጣል፤ ቡናው ጀባ ሲባል ሽማግሌው የሰማውን፣ እረኛው ያየውን ይናገራል። ማኅበሩ ሲጀምር ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ራሱን ያስታውቅ፤ ሕጋዊ ሰውነት የሚያስፈልገው ገንዘብ ማሰባሰብ ወይም ንብረት መያዝ ሲጀምር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ማየትን መልመድ ነው። ለዚህ የሚመቸው ጊዜ መሬቱ ታርሶ ገና ያልተዘራበት፣ በተለይም ከእርሻ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ የዘነበበት ሰሞን ነው፤ ዝናቡ አፈሩን አጥቦ ገሉንና ባልጩቱን ጎልተው እንዲታዩ ያደርጋቸዋል። በባለ መሬቱ ፈቃድ፣ ሰዎች በአምስት በአምስት ሜትር ርቀት በረድፍ ተሰልፈው ዓይናቸውን ከመሬት ሳያነሡ በዝግታ ይራመዳሉ። አንድ ገል በየትኛውም ማሳ ይገኛል፤ ልብ መባል ያለበት በአንድ ቦታ ተሰብስቦ የሚታይ ገል፣ ከአካባቢው የጠቆረና አመድ ያዘለ አፈር፣ በመስመር የተደረደረ ድንጋይ፣ ሰው ያቆመው የሚመስል ትክል ድንጋይ፣ ክብ የድንጋይ ክምር፣ እንዲሁም ከብረት ማቅለጫ የሚወጣ ጥቁር፣ ከባድና ቀዳዳ የበዛበት ዝቃጭ ነው። ከገሎች መካከል የበለጠ የሚያስተምሩት የአፍ ከንፈር፣ ጆሮ፣ መቀመጫና ጌጥ ያለበት ክፍል ናቸው፤ እነዚህን ባሉበት ፎቶግራፍ አንሥቶ እዚያው መተው ነው። ተራ መስሎ የሚታየውንም መናቅ አይገባም። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናቱ ከዓለት ሲፈለፈሉ የወጣው ፍርስራሽ ለዘመናት እንደ ማንኛውም ጉብታ ሲታይ ኖሯል፤ ተመራማሪዎች ግን የትኛው ሥራ ቀድሞ የትኛው እንደተከተለ ለማወቅ ካጠኗቸው ነገሮች አንዱ ያው የፍርስራሽ ክምር ነው። የዓለም ቅርስ ሆኖ በ1970 ዓ.ም. ስለተመዘገበው ስለዚያ ታላቅ ቦታ የዘመን ቅደም ተከተል ዛሬም ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ አንዱ ሁሉንም ከቅዱስ ላሊበላ ዘመን ጋር ሲያያይዝ ሌላው ከፊሉ ከዚያ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል ይላል፤ ማስረጃ የሚፈለገውም ከእንዲህ ዓይነቱ ክምር ጭምር ነው።

የተገኘውን በምን መልክ መጻፍ እንደሚገባ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ የአብዛኛው ሰው ድካም ከንቱ የሚቀረው እዚህ ላይ ነውና። ማኅበሩ ገጹ ቁጥር ያለው፣ የማይገነጠል ጠንካራ መዝገብ ይያዝ። ለእያንዳንዱ ቦታ የቀበሌው፣ የጎጡና የቦታው ስም፣ የባለ መሬቱ ፈቃድ፣ ቀኑ፣ ያዩት ሰዎች፣ መሬቱ በዚያ ቀን የነበረበት ሁኔታ፣ የታየው ነገርና ስፋቱ በእርምጃ ሳይሆን በሜትር ይጻፍ። የቦታ ስም ነዋሪው በሚጠራበት አነጋገር፣ ሳይታረም ይጻፍ። ስም ብቻውን ግን አያስተማምንም። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት በጥንታዊ የእርሻ ታሪካችን ላይ ብርሃን የፈነጠቀ ቁፋሮ በላሊበላ ዋሻ ተካሂዶ ወደ 2,500 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው ገብስና ሽምብራ ተገኝቷል፤ ይህን የሰማ የወሎ ሰው ሁሉ የላስታው ላሊበላ ይመስለዋል፤ ዋሻው ግን በቤጌምድር፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ከስሙ ጋር የጂፒኤስ ንባብ መጻፍ ግዴታ ነው። ማንኛውም ዘመናዊ ስልክ ይህን ይሰጣል፤ ሰማዩ በሚታይበት ቦታ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆሞ ቁጥሩ እስኪረጋ መጠበቅ ብቻ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ፤ በ1 ለ50,000 የተዘጋጁት የቆዩ የኢትዮጵያ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የምድር ልኬት ሲሆን ስልክ የሚሰጠው ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ነው። ሁለቱ በእኛ አካባቢ ከ200 ሜትር በላይ ይለያያሉ፤ ይህም አንድን ቦታ ከሸለቆው ወዲያ ማዶ ሊያሻግረው የሚችል ርቀት ነው። ከቁጥሩ ጎን የትኛው ልኬት እንደሆነ፣ ንባቡ ዩ ቲ ኤም በሚባለው የካርታ መረብ ከሆነም ዞን 37 መሆኑ ይጻፍ።

ፎቶግራፍ ሲነሣ መጠን የሚያሳይ ነገር ከጎኑ ይቀመጥ፤ የታወቀ መለኪያ ካልተገኘ በሴንቲ ሜትር የተከፋፈለ ማስመሪያ ይበቃል። መጀመሪያ ቦታው በሙሉ ከነ ተራራው ከሩቅ፣ ከዚያ መካከለኛው፣ በመጨረሻ ነገሩ ራሱ በቅርብ ይነሣል፤ ሰሜን ወዴት እንደሆነ የሚጠቁም ቀስት በወረቀት ተሥሎ ይቀመጥ። በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ወይም ምስል ካለ በኖራ ማቅለም፣ በከሰል ማሸት፣ በውኃ ማጠብ ወይም በድንጋዩ ላይ የበቀለውን ሽበት በቢላዋ መፋቅ ፈጽሞ አይገባም። በጠዋት ወይም በሠርክ፣ ፀሐይ ዝቅ ብላ ከጎን ስታበራ የማይታየው ቅርጽ በራሱ ጥላ ይወጣል። በኮምቦልቻ አካባቢ ያለውን በድንጋይ የተቀረጸ አንበሳ በዚህ ብርሃን ያየ ሰው በእኩለ ቀን ካየው ጋር አንድ ነገር እንዳየ ሊጠራጠር ይችላል።

በጦር ሜዳዎች ላይ ጥንቃቄው ይበልጥ ይጠብቃል። ከመቅደላ ግርጌ በእሮጌ ሜዳ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከእንግሊዙ ጄኔራል ከናፒየር ጦር ጋር ሲዋጋ፣ እንግሊዞቹ የያዙት በኋላ በአገራችን ስናድር ተብሎ የታወቀውን ጠመንጃ ነበር። አንድ የስናድር ጥይት በወደቀበት ቢገኝ ከየት እንደተተኮሰና ተኩሱ ወዴት እንዳመራ ለመገመት ይረዳል፤ ልጆች ለቅመው በቆርቆሮ ቢያጠራቅሙትና ለቱሪስት ቢሸጡት ግን የእርሳስ ቁራጭ ነው። ሕፃናቱን ከመቆጣት ይልቅ ያዩትን ሳያነሡ መጥተው ለመምህራቸው እንዲናገሩና ስማቸው በመዝገቡ እንዲጻፍ ማድረግ ብዙ ይጠቅማል። ጠገራ ብርም ብዙ ጊዜ ይገኛል። በዚሁ በኦስትሪያዋ ንግሥት በማርያ ቴሬዛ ስም በተመታው ብር ላይ ያለው 1780 (እ.ኤ.አ.) የሚለው ዓመት ብሩ የተሠራበት ዘመን ነው ብሎ የሚወስድ ሰው ይሳሳታል፤ ከንግሥቲቱ ሞት በኋላ በየአገሩ የተመቱት ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዘው ነውና። እንግዲህ አንድ ጠገራ ብር የተገኘበትን ቤት በ1780 ተሠራ ማለት አይቻልም።

ስለ ቃል ትውፊት ሲጠየቅ ሽማግሌዎች የሚሰጡት መልስ በብዙ ቦታ ይመሳሰላል፤ የፈረሰ ሁሉ ግራኝ ያፈረሰው፣ የቆመ ሁሉ ንግሥተ ሳባ ያቆመችው ይሆናል። ይህን ማረም የማኅበሩ ሥራ አይደለም። ቃሉ በተናጋሪው ፈቃድ፣ እርሱ በተናገረበት መንገድ ይቀረጽ ወይም ይጻፍ፤ ከማን እንደሰማው፣ ያ ሰው ከየት እንደመጣ ይጠየቅ። ዘመንን የሚወስነው ትውፊቱ ሳይሆን የአፈሩ ንብርብርና የቤተ ሙከራ ልኬት ነው፤ ትውፊቱ ግን የት መፈለግ እንደሚገባ ይጠቁማል። ውጫሌ ስንል ሁላችንም ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ስለተፈረመው ውል እናስባለን፤ ውሉ በተፈረመበት በይስማ ንጉሥ አካባቢ ያሉ አዛውንት ግን ድንኳኑ የት እንደተተከለና ውኃ ከየት እንደተቀዳ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ይነግሩን ይሆናል፤ ይህም ሳይጻፍ እያለፈ ነው።

ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ጋር የሚሠራው ሥራ የተለየ አክብሮት ይጠይቃል። ወሎ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም የትምህርት ማዕከል ያደረጉበት፣ የእርሳቸውም ወንጌል እስከ ዘመናችን የቆየበት አገር ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ያንን ወንጌል ጨምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን አንሥቷል፤ ሥራው ያልደረሰባቸው ግን በየዕቃ ቤቱ አሉ። ሐሪማ በሚባሉት የእስልምና ትምህርትና የዱዓ ቦታዎችና በየሸኾቹ ቤት ደግሞ በዐረብኛና በአጀሚ፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍትና መንዙማዎች ይገኛሉ፤ እነዚህ ከብራናው እኩል ሊከበሩ ሲገባ ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። ማንም ወደ ዕቃ ቤት ከመግባቱ በፊት የአስተዳዳሪው፣ የቄሰ ገበዙና የሀገረ ስብከቱ፣ በመስጊድም የኢማሙ ፈቃድ ይገኝ። ከታቦቱና ከመቅደሱ ጋር የተያያዘ ነገር አይጠየቅም። ንዋያተ ቅድሳቱን የሚዳስሱትና የሚገልጡት ጠባቂዎቹ ራሳቸው ይሁኑ፤ የማኅበሩ አባል ይጻፍ፣ ይለካ። ብራና ላይ የካሜራ ብልጭታ አይደረግ። ለእያንዳንዱ ዕቃ ምን እንደሆነ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ቁመቱና ወርዱ፣ የተጻፈበት ነገር፣ በተለይም ስብራቱ፣ ጥገናውና ጠባሳው ይመዝገብ። በ1989 ዓ.ም. ከላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም የተሰረቀው አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል በቤልጅየም ተገኝቶ የተመለሰው ዓለም ሁሉ የሚያውቀው መስቀል በመሆኑ ነው፤ በአንዲት የገጠር ደብር ያለ መስቀል ግን ፎቶግራፉና ልኩ ካልተያዘ የእኛ ነው ብሎ ለመሟገት ማስረጃ አይኖርም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በወሎ ባለፈበት ጊዜ የደሴ ሙዚየምን ጨምሮ ቅርስ የተዘረፈባቸው ቦታዎች ይህን በመራራ መንገድ አስተምረውናል። የመዝገቡ አንድ ቅጂ ከደብሩ ወይም ከመስጊዱ፣ አንዱ ከማኅበሩ፣ አንዱ ከወረዳው ውጭ በሆነ ቦታ ይቀመጥ።

አዲስ ነገር በድንገት ሲገኝ ቅደም ተከተሉ አጭር ነው። ሥራው በዚያ ቦታ ብቻ ይቁም፤ የተገኘው ነገር እንዳለ በቅጠል ወይም በጨርቅ ሳይሆን በወጣበት ደረቅ አፈር በስሱ ይሸፈን፤ የሰው አጥንት ከሆነ በመጀመሪያ ለቀበሌውና ለፖሊስ ይነገር፤ የሃይማኖት አባቶችም ይጠሩ። ከዚያ ሪፖርቱ በጽሑፍ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ይቅረብ፤ ግልባጩ ለዞኑ መምሪያ፣ ለክልሉ ቢሮና ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይድረስ። በቃል የተነገረ አልተነገረም ማለት ነው፤ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ገቢ ቁጥር ሲሰጠው ያንን ቁጥር ጽፎ መያዝ ያስፈልጋል። ከላይ የጠቀስኩት አዋጅ በድንገት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ እንዲጠብቀው ያዛል፤ ላስረከበውም ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠውና ያወጣው ወጪ እንዲተካለት ይደነግጋል። በስድስት ወር ውስጥ ተገቢው እርምጃ ካልተወሰደ ሁኔታውን ዘርዝሮ ለክልሉ ኃላፊ በጽሑፍ በማሳወቅ ከኃላፊነቱ ሊወጣ ይችላል። ይህን ድንጋጌ ገበሬው ሊያውቀው ይገባል፤ ብዙው ነገር የሚደበቀው መሬቴን ይወስዱብኛል ከሚል ፍርሃት ነውና። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ስለሆኑ የታሪክና የቅርስ መምህራን ቦታውን እንዲያዩ መጋበዝ ጠቃሚ ነው።

የቦታው ንባብና ትክክለኛ ፎቶግራፍ ግን በፌስቡክም ሆነ በቴሌግራም አይለጠፍ። ጣልያን ወርቅ ቀብሮ ሄዷል የሚለው ወሬ በወሎ ገጠር ዛሬም ሕያው ነው፤ ቅዳሜ የተለጠፈ ፎቶግራፍ እሑድ ሌሊት ባትሪና መቆፈሪያ የያዙ ሰዎችን ያመጣል። ለሕዝብ የሚነገረው የወረዳው ስምና የተገኘው ነገር ዓይነት ብቻ ይሁን።

የተመዘገበ ቦታ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ መስከረም ላይ ክረምቱ ካለፈ በኋላና ጥር ላይ የተፋሰስ ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ይጎብኝ። ፎቶግራፉ ከዚያው ከበፊቱ መቆሚያ ይነሣ፤ መቆሚያውን ለማስታወስም በቋሚ ዓለት ወይም በትልቅ ዛፍ መለየትና በመዝገቡ መጻፍ ይገባል። ጎርፍ የሸረሸረው፣ እርሻ የገፋው ወይም ካብ ለመሥራት የተነሣ ድንጋይ ካለ ከቀደመው ፎቶግራፍ ጋር ተነጻጽሮ ይጻፍና በዚያው ሳምንት በአዲስ ደብዳቤ፣ የመጀመሪያው ገቢ ቁጥር ተጠቅሶ፣ ለወረዳው ይላክ።